የወባ ተውሳክን የክሮሞሶም ጫፎች ለማጥናት የትኛው ዘዴ ይመረጣል? በወሎ ለሚሠሩ ላቦራቶሪዎች የቀረበ የንጽጽር መመሪያ

የወባ ተውሳክን ጂኖም፣ ማለትም ሙሉ የዘር መረጃውን፣ ለማጥናት የሚነሣ ተመራማሪ አብዛኛውን ጊዜ ዘዴውን የሚመርጠው ጥያቄውን አጥርቶ ከመቅረጹ በፊት ነው፤ በእጁ ያለው መሣሪያ፣ አማካሪው የለመደው አሠራር ወይም ቀደም ብሎ የታተመ ጥናት የተከተለው መንገድ ምርጫውን ይወስንለታል። ለአብዛኛው የጂኖም ክፍል ይህ አካሄድ ብዙ አይጎዳም። ለክሮሞሶም ጫፎች ግን ይጎዳል፤ ምክንያቱም ዛሬ በብዛት የሚሠራበት፣ ዲኤንኤን ቆራርጦ የሚያነበው የአጫጭር ቁርጥራጭ ንባብ እነዚህን ጫፎች በትክክል መግጠም ስለማይችል፣ ትልልቆቹ ዓለም አቀፍ የመረጃ ስብስቦች ራሳቸው ጫፎቹን እጅግ ተለዋዋጭ ብለው ከትንተናው ያስወጧቸዋል። ይህን ሳያውቅ የጀመረ የሁለተኛ ዲግሪ ተማሪ፣ የፈለገው ነገር በመረጃው ውስጥ እንደሌለ የሚረዳው ናሙናውንም ገንዘቡንም ከጨረሰ በኋላ ነው። ከዚህ በታች ያለው ንጽጽር በደሴ፣ በኮምቦልቻና በወልድያ ለሚሠሩ፣ ናሙናቸውንም ከጨፋ ሸለቆ፣ ከባቲ፣ ከሐርቡ ወይም ከቆቦ ቆላ ለሚሰበስቡ ሰዎች የታሰበ ነው።

ጫፉ ላይ ያለው ምንድን ነው?

ከወባ ተውሳኮች አንዱ የሆነው የፋልሲፓረም ጂኖም በ14 ክሮሞሶሞች የተከፋፈለ 23 ሚሊዮን ያህል ቤዝ፣ ማለትም የዲኤንኤ ፊደል፣ ነው። ለማመሳከሪያ የሚያገለግለው የ3ዲ7 ዝርያ ንባብ እ.ኤ.አ. በ2002 ሲታተም ከዚህ ውስጥ ከ80 በመቶ በላዩ ኤ እና ቲ በተባሉት ቤዞች የተሠራ መሆኑ ታየ፤ ይህ ለማንኛውም የንባብ ዘዴ ፈተና ነው። ጫፉ የራሱ ሥርዓት አለው። ከዳር ወደ መሐል ስንጓዝ በመጀመሪያ የምናገኘው ቴሎመር ሲሆን፣ «ጂጂጂቲቲቲኤ» ወይም «ጂጂጂቲቲሲኤ» የሚለው ባለ ሰባት ቤዝ ቅደም ተከተል እየተደጋገመ በአማካይ 1.2 ኪሎ ቤዝ (1,200 ቤዝ) ያህል ይዘልቃል። ከእርሱ ቀጥሎ ታሬ 1 እስከ ታሬ 6 ተብለው የሚጠሩ ስድስት የድግግሞሽ ክፍሎች በሁሉም ክሮሞሶሞች ላይ ከሞላ ጎደል በተመሳሳይ ተራ ይከተላሉ፤ የመጨረሻው ሬፕ20 የሚባለው ሲሆን ባለ 21 ቤዝ ድግግሞሽ ነው። ይህ ከ20 እስከ 40 ኪሎ ቤዝ የሚደርስ ክልል ፕሮቲን የሚሠራ ጂን የለውም። ወደ መሐል ጥቂት ገባ ሲባል ግን ተውሳኩ ከሰው የበሽታ መከላከያ የሚያመልጥባቸው የጂን ቤተሰቦች ይጀምራሉ፤ ቫር፣ ሪፍ እና ስቴቮር።

በ3ዲ7 ውስጥ 60 ያህል የቫር ጂኖች አሉ። አብዛኞቹ በእነዚህ ጫፎች አጠገብ ሲገኙ፣ የቀሩት በክሮሞሶም 4፣ 6፣ 7፣ 8 እና 12 መሐል በቡድን ተቀምጠዋል። አንድ ተውሳክ በአንድ ጊዜ ከእነዚህ አንዱን ብቻ ያሠራና ሌሎቹን ዝም ያሰኛል፤ የሚሠራው ፕሮቲን በቀይ የደም ሴል ላይ ወጥቶ ሴሉ በደም ሥር ግድግዳ ላይ እንዲጣበቅ ያደርገዋል። በነፍሰ ጡሮች ላይ የእንግዴ ልጅን የሚያጠቃው ወባ ቫር2ሲኤስኤ ከተባለው ጂን ጋር የተያያዘ ነው። በኒውክሊየሱ ውስጥ የክሮሞሶሞቹ ጫፎች እንደየራሳቸው ተበታትነው አይገኙም፤ ከአራት እስከ ሰባት በሚሆኑ ስፍራዎች ተሰብስበው በኒውክሊየሱ ዳርቻ ላይ ይቀመጣሉ። የተለያዩ ክሮሞሶሞች ጫፎች እንዲህ ጎን ለጎን ስለሚሆኑ የቫር ጂኖች ቁራጭ ከአንዱ ክሮሞሶም ወደ ሌላው ይዘዋወራል፤ አዳዲስ ቅርጾች የሚወለዱትም በዚህ መንገድ ነው። ስለዚህ የጫፉ አደረጃጀት ራሱ የተውሳኩ የማምለጫ መሣሪያ ነው ብዬ አምናለሁ፤ ጂኖቹን ብቻ ቆጥሮ ቦታቸውን የሚተው ጥናት የጉዳዩን ግማሽ ይተዋል።

ሦስት ጥያቄዎች፣ ሦስት የተለያዩ መንገዶች

ምርጫው የሚቀለው ጥያቄውን ከሦስቱ በአንዱ ውስጥ ማስገባት ሲቻል ነው። የመጀመሪያው በፈጣን መመርመሪያ የሚታየውን ፕሮቲን የሚሠራው የኤችአርፒ2 ጂን ከተውሳኩ ጠፍቷል ወይስ አልጠፋም የሚለው ነው። ሁለተኛው በአንድ አካባቢ የሚዘዋወሩት የቫር ጂኖች ምን ያህል ዓይነት አላቸው የሚለው ነው። ሦስተኛው ጫፉ በእርግጥ እንዴት ተደራጅቷል፣ የትኛው ጂን ከየትኛው ጎን ተቀምጧል፣ የት ላይ ተቆርጦ የት ላይ ተቀጥሏል የሚለው ነው። ሦስቱም ስለ ክሮሞሶም ጫፍ ናቸው፤ ነገር ግን የአንዱ ዘዴ ለሌላው አይበቃም።

የመጀመሪያው ጥያቄ ለወሎ በጣም ቅርብ ነው። ኤችአርፒ2 በክሮሞሶም 8፣ ዘመዱ ኤችአርፒ3 ደግሞ በክሮሞሶም 13 ላይ፣ ሁለቱም ከጫፉ ከ100 ኪሎ ቤዝ ባልበለጠ ርቀት ይገኛሉ። ጫፉ በቀላሉ የሚቆረጥና የሚለዋወጥ ስለሆነ ከእርሱ ጋር እነዚህ ጂኖችም ሊጠፉ ይችላሉ፤ እነርሱ የሌሉት ተውሳክ በኤችአርፒ2 ላይ የተመሠረተ መመርመሪያ ላይ ወባን የሚያመለክተውን መስመር አያሳይም፤ በሽተኛውም ወባ የለብህም ተብሎ ከጤና ኬላው ይመለሳል። እ.ኤ.አ. በ2017 እና 2018 በአማራ፣ በትግራይና በጋምቤላ በ12,572 ሰዎች ላይ የተደረገውና በ2021 የታተመው ጥናት፣ እንዲህ ያለው መመርመሪያ በጂኑ መጥፋት ምክንያት 9.7 በመቶ የሚሆኑትን የፋልሲፓረም ሕሙማን እንደሚስት ገምቷል። የዓለም ጤና ድርጅት መመርመሪያው እንዲቀየር የሚመክረው ይህ መጠን 5 በመቶ ሲያልፍ ነው። ጥናቱ ያተኮረው በኤርትራ፣ በሱዳንና በደቡብ ሱዳን ድንበር አካባቢ ባሉ ወረዳዎች ላይ ቢሆንም፣ ከወሎ ደጋ በየዓመቱ ለሰሊጥ ሥራ ወደ መተማና ሁመራ የሚወርዱ የቀን ሠራተኞች ከዚያው አካባቢ ተውሳክ ይዘው ሊመለሱ እንደሚችሉ የሚያጠራጥር አይደለም።

ለዚህ ጥያቄ ውድ የጂኖም ንባብ አያስፈልግም። አንድን የዲኤንኤ ቁራጭ ለይቶ የሚያበዛው ፒሲአር፣ ከተቻለም ሁለትና ሦስት ጂን በአንድ ጊዜ የሚለካው ሪል ታይም ፒሲአር፣ ይበቃል። በወረቀት ላይ የደረቀ የደም ጠብታ በቂ ናሙና ነው፤ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ በጤና ኬላ ሊሰበስበው፣ በፖስታም ሊላክ ይችላል። ጥንቃቄ የሚያስፈልገው ውጤቱን በመተርጎም ላይ ነው። ጂኑ አልተገኘም ማለት ጠፍቷል ማለት አይደለም፤ ዲኤንኤው ጥቂት ወይም የተበላሸ ሊሆን ይችላል፤ ስለዚህ በተመሳሳይ ናሙና ሌላ አንድ ቅጂ ብቻ ያለው ጂን መገኘቱ በቅድሚያ መረጋገጥ አለበት። በተቃራኒው፣ በአንድ ሰው ደም ውስጥ ሁለት ዓይነት ተውሳክ ካለና አንደኛው ጂኑ ካለው፣ የሌላው መጥፋት ተሸፍኖ ያልፋል። ለማነጻጸሪያ የላቦራቶሪ ዝርያዎች የሆኑትን 3ዲ7ን፣ ኤችአርፒ2 የሌለውን ዲዲ2ን እና ኤችአርፒ3 የሌለውን ኤችቢ3ን ጎን ለጎን ማሠራት ግዴታ ነው እላለሁ፤ ያለ እነርሱ የሚቀርብ የመጥፋት ዘገባን ማመን ይከብዳል።

ለሁለተኛው ጥያቄ የሚመረጠው የዲቢኤል አልፋ ቁራጭን በፒሲአር አብዝቶ ማንበብ ነው። ሁሉም የቫር ጂኖች ለማለት በሚቻል ደረጃ ይህን ክፍል ስለያዙ፣ ከ300 እስከ 500 ቤዝ የምትሆነውን ቁራጭ በማንበብ በአንድ ሰው ውስጥ ያለውን የቫር ስብስብ መቁጠር፣ የባቲውን ከሐርቡው ማነጻጸር፣ የአንዱ ዓመት ከሌላው እንዴት እንደተለየ መከታተል ይቻላል። ዋጋው መጠነኛ ነው፤ ናሙናውም የደረቀ ደም ሊሆን ይችላል። ሁለት ጉድለቶች አሉት። ቫር2ሲኤስኤ ይህ ክፍል ስለሌለው ከመረቡ ውጪ ይቀራል፤ ስለዚህ የእናቶችን ወባ የሚያጠና ሰው በዚህ ዘዴ መተማመን የለበትም። ቁራጩም ጂኑ በየትኛው ክሮሞሶም፣ ከጫፉ በምን ያህል ርቀት እንዳለ አይነግርም። ለብዛትና ለልዩነት ጥያቄ ጥሩ ነው፤ ለአደረጃጀት ጥያቄ ግን ምንም መልስ የለውም።

አጫጭር ወይስ ረጃጅም ንባብ?

ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ቦታ ሦስተኛው ጥያቄ ስለሆነ፣ እዚህ ላይ ረዘም ያለ ማብራሪያ ያስፈልጋል።

አጫጭር ንባብ ዲኤንኤውን እጅግ ጥቂት ስሕተት ባለው መንገድ፣ ነገር ግን በአንድ ጊዜ 150 ቤዝ ያህል ብቻ ያነባል። ለመድኃኒት መቋቋም ምልክቶች፣ ለተውሳኮች ዝምድና፣ ለአንድ ቤዝ ለውጦች ከዚህ የተሻለ የለም። በጫፎቹ ላይ ግን አንዱ ሸማኔ በአንድ ዓይነት ጥለት የሠራቸው 28 የነጠላ ጫፎች በጣት ቁመት ተቆራርጠው እንደተቀላቀሉ ያህል ነው፤ እያንዳንዱ ቁራጭ በራሱ ጥርት ብሎ ቢታይም የየትኛው ነጠላ እንደሆነ የሚያሳውቅ ምልክት የለውም። ባለ 21 ቤዝ የሆነው ሬፕ20 ለብዙ ሺህ ቤዝ ሲደጋገም በ150 ቤዝ ንባብ ስንት ጊዜ እንደተደጋገመ መቁጠር አይቻልም። በዚህ ላይ በቤተ ሙከራ ዝግጅት ወቅት የሚደረገው ፒሲአር በኤ እና ቲ የተሞሉትን ክልሎች እየዘለለ ያልፋል፤ ፒሲአር የሌለበት ዝግጅት ይህን ያቃልላል፤ የድግግሞሹን ችግር ግን አይፈታም። ስለዚህ የጫፎቹን አደረጃጀት በአጫጭር ንባብ ብቻ አጠናለሁ የሚል ዕቅድ፣ ናሙናው መቶም ይሁን ሺህ፣ በመጀመሪያ ደረጃ መታረም አለበት።

ረጃጅም ንባብ ይህን ችግር በመሠረቱ ይፈታል። እ.ኤ.አ. በ2018 ከተለያዩ የዓለም ክፍሎች የመጡ 15 የፋልሲፓረም ተውሳኮች በረጃጅም ንባብ ከጫፍ እስከ ጫፍ ተገጣጥመው ሲታተሙ፣ ተበታተነ ይባል የነበረው የጫፍ ክልል ጥብቅ ሥርዓት ያለው መሆኑ በግልጽ ታየ። ለዚህ ሁለት ዓይነት ቴክኖሎጂ አለ። አንደኛው የፓክባዮ ሃይፋይ ንባብ ሲሆን፣ ከ15 እስከ 20 ኪሎ ቤዝ የሚረዝሙ ንባቦችን ከ99.9 በመቶ ባላነሰ ትክክለኛነት ይሰጣል፤ ይሁንና ማሽኑ ትልቅና ውድ ስለሆነ ናሙናውን ወደ ውጭ መላክን ይጠይቃል፤ ይህም የናሙና ማስተላለፊያ ስምምነትንና ብዙ ወራትን ይወስዳል። ሁለተኛው የኦክስፎርድ ናኖፖር ሚናዮን ነው፤ በእጅ መዳፍ የሚያዝ፣ በላፕቶፕ የሚሠራ መሣሪያ ነው። በአስር ሺዎች የሚቆጠር ቤዝ በአንድ ንባብ ሊሰጥ ይችላል፤ ይህ ደግሞ ከቴሎመሩ ተነሥቶ ድግግሞሾቹን አልፎ ወደ መጀመሪያው የቫር ጂን ለመድረስ ያስችላል። የአሁኖቹ ንባቦች ትክክለኛነት 99 በመቶ አካባቢ ደርሷል፤ ችግሩ አንድ ዓይነት ቤዝ በተከታታይ ሲደጋገም ቁጥሩን መሳቱ ነው፤ በኤ እና ቲ የተሞላ ጂኖም ላይ ደግሞ ይህ ደጋግሞ ያጋጥማል። የጂኖቹን ተራና ቦታ ለማወቅ ግን ይህ ስሕተት እንቅፋት አይሆንም።

በ2014 ዓ.ም. በጦርነቱ የጤናና የምርምር ተቋማት መሣሪያዎቻቸውን ባጡበት፣ የመብራት መቆራረጥም በማይቀርበት አካባቢ፣ ትንሹ መሣሪያ የተሻለ ምርጫ ነው ብዬ እመክራለሁ። አንድ ንባብ እስከ 72 ሰዓት ሊወስድ ስለሚችል ባትሪ ወይም ጀነሬተር አስቀድሞ መዘጋጀት አለበት። ንባቡ የሚካሄድበት ፍሎው ሴል የተባለው ክፍል ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴልሺየስ ባለ ማቀዝቀዣ የሚቀመጥና የጊዜ ገደብ ያለው ስለሆነ፣ ከወባው ወቅት ብዙ ቀደም ብሎ መግዛት ኪሳራ ነው። የኤሌክትሪክ ምልክቱን ወደ ቤዝ የሚለውጠው ሥራ ጠንካራ ግራፊክስ ካርድ ይፈልጋል፤ ነገር ግን ጥሬ ምልክቱን አስቀምጦ በኋላ ሌላ ኮምፒውተር ላይ ማሠራት ስለሚቻል ይህ ማንንም ሊያስቀር አይገባም።

ከመሣሪያው ይልቅ ጥናቱን የሚወስነው ናሙናው ነው። ረጃጅም ንባብ ያልተቆራረጠ ዲኤንኤ ይፈልጋል፤ በወረቀት ላይ የደረቀ ደም ይህን አይሰጥም። ስለዚህ ከክንድ የተቀዳ ብዙ ሚሊ ሊትር ደም ያስፈልጋል፤ የሰውየው ፈቃድና የሥነ ምግባር ኮሚቴው ማጽደቅም እንደዚያው ከበድ ያለ ይሆናል። ሌላው የሰው ዲኤንኤ ነው። አንድ ነጭ የደም ሴል የ270 ያህል ተውሳኮችን የሚያህል ዲኤንኤ ይይዛል። በአንድ ማይክሮ ሊትር ደም 10,000 ተውሳክና 8,000 ነጭ የደም ሴል ያለበትን ሕመምተኛ ብንወስድ፣ ከሚወጣው ዲኤንኤ ውስጥ የተውሳኩ ድርሻ ግማሽ በመቶ እንኳ አይሞላም። መፍትሔው ደሙ ሳይቀዘቅዝ፣ በተቀዳበት ቀን በሴሉሎስ ማጣሪያ ነጭ የደም ሴሎችን ማስወገድ ነው፤ በረዶ ከሆነ በኋላ ሴሎቹ ስለሚፈነዱ ማጣራቱ ዋጋ የለውም። ከከሚሴ፣ ከሐርቡና ከባቲ በዚያው ቀን ኮምቦልቻ ወይም ደሴ መድረስ ስለሚቻል፣ ለዚህ ሥራ እነዚህ ቦታዎች ከሩቅ ቆላ ይሻላሉ። ናኖፖር የሰውን ዲኤንኤ በንባብ ላይ እያለ ለይቶ የሚጥልበት አሠራር አለው፤ ይህ ብክነቱን ይቀንሳል እንጂ ማጣሪያን አይተካም። የተውሳኩን ዲኤንኤ ለይቶ የሚያበዛው ዘዴም ለአጫጭር ንባብ ይጠቅማል፤ ነገር ግን ቁራጮችን በሐሰት ስለሚያገጣጥም ለጫፍ ጥናት አልመክረውም።

ተውሳኩን በላቦራቶሪ ማራባት ከዚህ ሁሉ ድካም የሚያድን ይመስላል። ፋልሲፓረምን በተከታታይ ማራባት ከ1976 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ይቻላል፤ ዲኤንኤውም በብዛት ይገኛል። ነገር ግን በላቦራቶሪ ለረጅም ጊዜ የቆዩ ተውሳኮች የክሮሞሶም 2ን እና የክሮሞሶም 9ን ጫፍ እንደሚያጡ የታወቀ ነው፤ በሰው ደም ሥር ላይ መጣበቅ በማያስፈልግበት ጠርሙስ ውስጥ እነዚህ ጂኖች ባይኖሩም ተውሳኩ ይኖራልና። ጫፉን ለማጥናት ብሎ ጫፉ የሚጠፋበትን መንገድ መምረጥ ትልቅ ጉዳት ነው። ማራባት ግድ ከሆነ ለጥቂት ዙሮች ብቻ ይሁን፤ ከታካሚው በቀጥታ የተወሰደ ዲኤንኤም ለማመሳከሪያ ይቀመጥ።

ክሮሞሶሞችን በመጠናቸው የሚለየው የፐልስድ ፊልድ ጄል የጫፍ መርዘምና ማጠር በዓይን የሚያሳይ ሲሆን፣ ጂኖቹን ስለማይለይ ዛሬ በደጋፊነት ብቻ ይመረጣል።

ፋልሲፓረም ወይስ ሌላ ተውሳክ?

በወሎ ቆላ ከፋልሲፓረም ጎን ሌላው የወባ ተውሳክ ቫይቫክስ በሰፊው አለ፤ እርሱን መተው ከባድ ነው። የቫይቫክስ ትምህርት ራሱ ጫፎችን በሚገባ የመገጣጠምን ዋጋ ያሳያል፤ እ.ኤ.አ. በ2008 የታተመው የመጀመሪያው ጂኖም 346 የቪር ጂኖችን ሲያሳይ፣ በ2016 ጫፎቹ በተሻለ የተገጣጠሙበት ፒቪፒ01 የተባለው ጂኖም ከ1,200 በላይ የፒር ቤተሰብ (ቪርን የሚያካትተው) ጂኖችን አሳየ። ልዩነቱ የመጣው በዋናነት ከጫፎቹ ነው። ይሁንና ቫይቫክስ ወጣት ቀይ የደም ሴሎችን ብቻ ስለሚያጠቃ በደም ውስጥ ቁጥሩ አነስተኛ ነው፤ በላቦራቶሪም በተከታታይ አይራባም። ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚሠራ ቡድን ፋልሲፓረምን እመርጣለሁ፤ ልምዱ ከተገኘ በኋላ ግን በአገራችን ያለው ቫይቫክስ የበለጠ ያልተነካ መስክ ነው።

በቦሩ ሜዳ ሆስፒታል የሚታከመውን የቁንጭር ተውሳክ ሌሽማኒያን ለዚህ ጥያቄ ለመምረጥ የሚያስብ ካለ፣ የጫፎቹ አደረጃጀት ቀለል ያለና በማምለጫ ጂኖች ያልተሞላ መሆኑን ይወቅ፤ በሌሽማኒያ ላይ ይበልጥ የሚያስገርመው የክሮሞሶሞቹ ቁጥር መለዋወጥ ነው። የእንስሳት ሕክምና ተማሪዎች ግን በባቲ ገበያ ከሚመጡት ግመሎች የሚገኘውን የሱራ ተውሳክ፣ ትሪፓኖሶማ ኢቫንሲን፣ ቢመለከቱ መልካም ነው። የዚህ ቤተሰብ ተውሳኮች የሽፋን ፕሮቲናቸውን የሚያሠሩት ከቴሎመር አጠገብ ካለ ቦታ ብቻ ስለሆነ፣ በወባ ላይ ያየነው የጫፍ ጥበብ በእነርሱም አለ፤ በአይጥ ውስጥ ስለሚራባም ንጹሕና ብዙ ዲኤንኤ ማግኘት ከሰው ወባ ይልቅ ይቀላል።

በተግባር የትኛውን ልምረጥ ለሚል ሰው

ገንዘቡ ጥቂት ሆኖ ዓላማው ለጤና ቢሮ የሚጠቅም መልስ መስጠት ከሆነ፣ የኤችአርፒ2 ፒሲአርን በደረቀ ደም ላይ መሥራት ያለ ጥርጥር ይቀድማል፤ ከመተማና ከሁመራ የተመለሱትን ከአካባቢው ካልወጡት ለይቶ መመዝገብም አብሮ ይሠራ። ዓላማው በወረዳዎች መካከል የተውሳኩን ብዝኀነት ማነጻጸር ከሆነ የዲቢኤል አልፋ ቁራጭ በቂ ነው። አደረጃጀቱን ራሱን ለማየት የሚፈልግ ሰው ደግሞ መቶ ደካማ ናሙና ከመሰብሰብ ይልቅ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ባለው ወቅት የተውሳክ ብዛታቸው ከፍ ካሉ ጥቂት ሕሙማን፣ አንድ ዓይነት ተውሳክ ብቻ ካለባቸው፣ በሚገባ የተጣራ ደም ወስዶ በናኖፖር ያንብብ። ጂኖሙን 100 ጊዜ ለመሸፈን 2.3 ቢሊዮን ቤዝ ይበቃል፤ ማጣሪያው በደንብ ከሠራ ከአንድ ፍሎው ሴል ብዙ ናሙና ማውጣት ይቻላል። የቤዝ ስሕተቱን ለማረም በዚያው ናሙና ላይ አጫጭር ንባብ ማከል ይጠቅማል፤ አጫጭር ንባብ በዚህ ጥናት ትክክለኛ ቦታው ይህ ነው።

የመስኩ ናሙና ከመከፈቱ በፊት ግን የ3ዲ7ን ዲኤንኤ በራስ እጅ አውጥቶ፣ በራስ መሣሪያ አንብቦ፣ በራስ ኮምፒውተር መገጣጠም ያስፈልጋል። 14 ክሮሞሶሞች 28 ጫፎች አሏቸው፤ ከእነዚህ ውስጥ ስንቶቹ እስከ ቴሎመሩ ድግግሞሽ እንደደረሱ ይቆጠር፣ ከታተመውም ጋር ይመሳከር። አብዛኞቹ ሬፕ20 ላይ ከቆሙ የተቆራረጠ ዲኤንኤ ነው የወጣው ማለት ነው፤ በዚያ ሁኔታ የተጣራው የሕሙማኑ ደም በማቀዝቀዣ ይቆይ፣ የሚስተካከለውም መጀመሪያ የማውጫ ዘዴው ይሁን፤ በኃይል ከመበጥበጥ ይልቅ በዝግታ ማገላበጥ፣ በጠባብ የፒፔት ጫፍ ፋንታ ሰፊውን መጠቀም፣ ዲኤንኤውንም ደጋግሞ ከማቀዝቀዝና ከማቅለጥ መቆጠብ ከሁሉ በፊት የሚሞከሩ ናቸው።